ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከዋንጫው በፊት ሕጉን ያስቀደሙ ሰው

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በሜዳው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተፋጥጧል። ግብፅ ከዚያ ቀደም የተካሄዱትን ሁለት ውድድሮች ሁለቱንም ያሸነፈች ሀገር ናት። በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ መርታ፣ ሁለት ጊዜም ተደርሶባታል። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ያስቆጠሯቸው ሁለት ግቦች ጨዋታውን 4 ለ 2 አደረጉት። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለቡድኑ አምበል ለሉቺያኖ ቫሳሎ አበረከቱ።

በአሠልጣኝነት ያንን ቡድን የመሩት የ40 ዓመቱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ አንስታ አታውቅም። ስለዚህም የእሳቸው ስም በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚታወሰው ያ ድል ነው። ሆኖም አቶ ይድነቃቸው ለሀገራቸውም ሆነ ለአህጉራቸው ካተረፉት ሁሉ ዋንጫው ትልቁ አልነበረም። የሕይወታቸውን ሰፊ ክፍል የወሰደው በስብሰባ አዳራሽ የተደረገው ትግል ነው። የዚያ ትግል ጥያቄም አንድ ነበር፤ ጥቁር አፍሪካዊ በዓለም ስፖርት ውስጥ ከሌላው እኩል ወንበር አለው ወይስ የለውም የሚል።

የጅማው ልጅ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ በጅማ ተወለዱ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወልቂጤን አቋርጦ፣ ወደ ጊቤ ቆላ ወርዶ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የሚደርሰው ወደዚያችው ወደ ትውልድ ከተማቸው ነው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው ስመ ጥር ባለቅኔና ድምፃዊ ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው፣ እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በሸክላ ከተቀረጹት የአማርኛ ዘፈኖች ቀዳሚዎቹ የእሳቸው ናቸው። አባት የሀገራቸውን ድምፅ በባዕድ ምድር በሸክላ እንዳተሙ ሁሉ፣ ልጅም ከዓመታት በኋላ የሀገራቸውን ቃል በባዕድ አዳራሾች ያሰሙ ዘንድ ዕጣቸው ሆነ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከክለቡ ጋር የተገናኙት ያኔ ነው፤ የተጫዋችነት ዘመናቸውንም ከሌላ ክለብ ጋር ሳይካፈሉ በዚሁ መለያ ብቻ ፈጸሙ። ክለቡ ከተመሠረተ ወራት ሳይቆይ ግን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ወራሪው ኃይል በትምህርቱም፣ በመኖሪያ ሰፈሩም፣ በመዝናኛውም ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ሥርዓት ዘረጋ። ስፖርቱም ከዚህ አላመለጠም። ሀበሻው ከነጩ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠም ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ለውጦ በወራሪው በተሰጠው ስም እንዲጠራ ተገደደ። ኳስ ከሰው ልጅ ክብር ጋር የተሳሰረ ጉዳይ መሆኑን ወጣቱ ይድነቃቸው የተረዱት በመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ከተማቸው ተለይተው በተጫወቱበት ሜዳ ነው። ከዓመታት በኋላ በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ላይ ያሳዩት የማይበገር አቋም መነሻው ይህ ዘመን ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አምስት ቡድን፣ አምስት ሕዝብ

ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የተጀመረው ውድድር የዚያን ጊዜዋን ከተማ መልክ ይዞ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አንዱ ደግሞ በኢትዮጵያ የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበር። ኢትዮጵያውያንን የወከለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት።

ለዛሬ ተመልካች ይህ ነገር እንግዳ ይመስላል፤ በገዛ ሀገሩ ሻምፒዮና ላይ የሀገሬው ሰው ከአምስት አንዱ ብቻ ነበር። ያ ሁኔታ ግን ለአቶ ይድነቃቸውና ለጓደኞቻቸው የሥራቸውን መጠን አሳያቸው። ጥሩ ተጫዋች መሆን ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ፌዴሬሽን ማቋቋም፣ ደንብ መጻፍ፣ ዳኛ ማፍራት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ማደራጀት ያስፈልግ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከልምምድ ሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤትም ወደ ልምምድ ሜዳ የሚመላለሱ ሰው ሆኑ።

ሥራው ፍሬ ማሳየት ጀመረ። ብሔራዊ ቡድኑ በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 አሸነፈ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1942 ዓ.ም. የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ኢትዮጵያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፊፋ አባል ሆነች፤ በ1949 ዓ.ም. መባቻ ላይም በሜልቦርን በተካሄደው የኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፈች።

ካርቱም ላይ የተወሰነ ውሳኔ

በሰኔ 1948 ዓ.ም. ፊፋ በሊዝበን ጉባኤውን ሲያካሂድ፣ ከአፍሪካ የሄዱ ተወካዮች ተገናኝተው የአፍሪካን ማኅበር ስለ መመሥረት መከሩ። ያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር፣ በፊፋ ውስጥ ድምፅ የነበራቸው የአህጉሪቱ ሀገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክሩ ተሳክቶ በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ካፍ፣ በካርቱም ተመሠረተ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው።

ማኅበሩ ገና በተመሠረተበት ሰሞን ከባድ ፈተና ገጠመው። በዚያው በካርቱም በተዘጋጀው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። የዘር መድልዎ ሥርዓት የተከለችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም አለች፤ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ነው የምታቀርበው። ማኅበሩ በአባል ቁጥርም በገንዘብም ደካማ ነበርና፣ ከአራት አባል አንዱን ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ቢሆንም ሦስቱ ሀገሮች የቀረበውን ሐሳብ ውድቅ አደረጉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጪ ሆነች።

ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሁለተኛው ዓመት ካይሮ ላይ በተካሄደው ውድድርም በግብፅ በተመሳሳይ ውጤት፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተረታች። በውጤት ከተመዘነ ሁለቱም ጉዞዎች ኪሳራ ናቸው። ነገር ግን ካርቱም ላይ አንድ ሕግ ጸንቷል፤ የአፍሪካ ሜዳ ሰውን በቆዳው ቀለም ለይቶ አያስገባም።

የጥር ድል

በጷጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ሲያመጣ፣ ኢትዮጵያውያን በዓለም መድረክ ማሸነፍ እንደሚችሉ በተግባር ታየ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ሕዝቡ ከኳሱም ተመሳሳይ ነገር መጠበቁ አልቀረም።

አራት ሀገሮች ተሳተፉ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራ የአዲስ አበባ ተመልካች ተስፋው ተሟጥጦ ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜውም ታሪክ ተመሳሳይ መልክ ነበረው፤ ከኋላ ተነሥቶ መድረስ፣ ደርሶም ማለፍ።

የቡድኑ አሠራር ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት በአሥመራ የተወለዱ ናቸው። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ ነበሩ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መለያ ተሰልፏል። ከድል በኋላ 20 ዓመት ሲቆጠር በወራሪነት ከተወገዘችው ሀገር ስም የተሸከመ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በአቶ ይድነቃቸው ሚዛን ለመሰለፍ የሚያበቃው ችሎታና ለመለያው ያለ ታማኝነት እንጂ የአባት ስም አልነበረም።

ዘመኑ ሰው በገዛ እጁ የመሥራት መንፈስ ያደረበት ነበር። በእነዚያው ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች ከየከተማው ገንዘብ እያዋጡ መንገድ ለመሥራት ይደራጁ ነበር። ራዲዮ በነበረበት ቤት ሁሉ የተሰማው የጥር 13 ድልም የዚያው መንፈስ አካል ሆኖ በትውልዱ ልብ ቀረ።

ላለመጫወት መወሰን

ከድሉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1956 ዓ.ም.፣ ፊፋ በ1958 ዓ.ም. እንግሊዝ ለምታስተናግደው የዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ደንብ አወጣ። ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በአንድነት የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። አፍሪካ የራሷን ማጣሪያ ብታሸንፍም ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር ዳግመኛ መጋጠም ነበረባት።

በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ ሀገሮች ነፃ ወጥተው የፊፋ አባል ሆነዋል። የአባልነት መዋጮ እየከፈሉ፣ ወንበር ግን አልተሰጣቸውም። ተቃውሞውን ከመሩት ግንባር ቀደሞቹ የጋናው ኦሄኔ ጃንና የካፍ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በደብዳቤና በቴሌግራም ተከራከሩ፤ መልስ ሲያጡም 15 የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ወጡ። ጋና የዚያን ጊዜዋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ጠንካራ ቡድኗ የዓለም ዋንጫን ሳያይ አለፈ። በባዶ የቀረውን ዕድል ሰሜን ኮሪያ ወስዳ እስከ ሩብ ፍጻሜ ተጓዘች።

ለተጫዋቾቹ ዋጋው መራራ ነበር። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ያመለጠው የዓለም ዋንጫ ተመልሶ አይመጣም። ውሳኔው ግን ፍሬ አፈራ። ፊፋ ለአፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ሰጠ፤ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ በዚያ ቦታ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ወደ ሁለት ከፍ ብሎ አልጄሪያና ካሜሩን በስፔን ተሰለፉ። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ወደ ሀገሯ ስትመለስ፣ ቦታው ለአፍሪካ አይገባም ይል የነበረው ክርክር አቅም አጣ።

በጉራጌ ምድር እንሰት የሚያለማ ገበሬ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ችግኙ በየደረጃው እየተነቀለ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል፤ ቆጮ ሆኖ ለገበታ እስኪቀርብም ዓመታት ይወስዳል። የተከለው ሰው ሁልጊዜ የሚበላው አይሆንም። በ1956 ዓ.ም. የተተከለው ተቃውሞም በሙሉ ለመብቃት 18 ዓመት ፈጅቶበታል።

ከወንበሩ ላይ

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያሉት 15 ዓመታት ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላ ጉባኤ የተጓዙባቸው ናቸው።

ትልቁ አጀንዳቸው የካርቱሙ ጉዳይ ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. ቢያግድም፣ በፕሬዚዳንቱ በሰር ስታንሊ ራውስ ዘመን እገዳው በ1955 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር። አፍሪካውያኑ ባደረጉት ግፊት እገዳው በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ተመለሰ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንዥ ራውስን አሸንፈው የፊፋን መሪነት ሲይዙ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተባረረች። በ1949 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች የተወሰነው ነገር ከ19 ዓመት በኋላ የዓለም ሕግ ሆነ።

በሌላ በኩል የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው ያሳስባቸው ነበር። አህጉሪቱ ያሳደገቻቸውን ልጆች ሌላው እየወሰደ፣ የአፍሪካ ሜዳዎች ባዶ እንዳይቀሩ ይሰጉ ነበር። ለዚህም በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ሊያሰልፍ የሚችላቸው በውጭ የሚጫወቱ ልጆች ቁጥር ተገድቦ ቆየ። ገደቡ በመጨረሻ ተነሣ፤ ፍልሰቱንም የሚያቆመው አልተገኘም። የዛሬው የአፍሪካ እግር ኳስ በእጅጉ የአውሮፓ ክለቦች ጥገኛ ነውና፣ በዚህ ጉዳይ ተሸናፊ ሆነው ቢያልፉም ስጋታቸው መሠረት እንዳልነበረው መናገር አይቻልም።

በሀገር ቤት የቀረው

አቶ ይድነቃቸው የአህጉሩን ኳስ ከፍ ሲያደርጉ የሀገራቸው ቡድን ወደ ታች ይወርድ ነበር። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ አራተኛ ሆነች። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስታስተናግድ ደግሞ ከምድቧ አላለፈችም። ዘመነ አብዮቱም የራሱን ጠባሳ ጣለ፤ ከጥር 13ቱ ጀግኖች አንዱ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ሀገሩን ለቆ ቀሪ ሕይወቱን በኢጣሊያ አሳለፈ። በአንድ መለያ የተሰለፉት ልጆች የወጡባቸው ሁለቱ ምድሮችም ከጊዜ በኋላ ሁለት ሀገር ሆኑ።

ይህ እውነት የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ አያሳንሰውም፤ ይልቁን ሚዛኑን ያስተካክለዋል። አንድ ድል ሀገርን ለአንድ ቀን አንድ ሊያደርግ ይችላል፤ አንድ አድርጎ የሚያቆየው ግን ከድሉ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። በጉራጌ የየጆካ ቅጫ ሥርዓት የሚከበረው ለባለጸጋውም ለድኻውም አንድ ሆኖ ስለሚፈርድ ነው። አቶ ይድነቃቸውም ለስፖርቱ የተመኙት ይህንኑ ነበር፤ ትንሹም ትልቁም የሚገዛበት አንድ ደንብ።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አረፉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከእሳቸው በኋላ

ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓቷ ሲፈርስ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበት ቡድኗ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ፤ በ1949 ዓ.ም. አልልክም ያለችው ዓይነት ቡድን ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አስተናገደች።

በጅማ መንገድ ላይ ባለችው ወልቂጤም የከተማዋ ክለብ በ2012 ዓ.ም. ከሀገሪቱ ትልልቅ ቡድኖች ተርታ ተሰልፎ ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሏል። በተቀላቀለበት ሊግ ከገጠሙት ቡድኖች አንዱ አቶ ይድነቃቸው በ14 ዓመታቸው መለያውን የለበሱት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ሀገሬው ከአምስት አንዱ ብቻ በሆነበት ሻምፒዮና የተጀመረው ውድድር ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ዳግመኛ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችው በ2005 ዓ.ም. ነው። የውድድሩ አስተናጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ዋልያዎቹ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር አደረጉ፤ በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ቢቀሩም፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ። ዕለቱ ጥር 13 ነበር፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከተቀበለበት ቀን ልክ 51 ዓመት።